ለሆኪ የተሳልኩት ጺም

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ቴክሳስ፣ ቤድፎርድ ወዳለችው የለመድኳት ፀጉር ቤት ጎራ ብል፣ የሚያስተካክለኝ ልጅ ራሱ ሳይላጭ አገኘሁት። እዚሁ የተወለደ የሐበሻ ልጅ ነው። ሌላ ጊዜ ፊቱ እንደተላጠ እንቁላል ነው፤ ያን ቀን ግን ጺሙ ጉንጩን ወርሶ አንገቱ ላይ ደርሷል። አንቱታ አያውቅም፣ "ጋሼ" ማለቱን ግን አያስቀርም፤ እኔም በዚያው ይቅር ብዬዋለሁ።

"ምነው አንተ፣ ምላጩ ለኛ ብቻ ነው እንዴ?" አልኩት።

"ኖ ጋሼ፣ ሆኪ ነው" አለኝ። "ማለቴ፣ ፕሌይኦፍ ጀመረ። ቲማችን እስኪሸነፍ አልላጭም። ካሸነፈ ደግሞ ዋንጫ እስኪወስድ አልላጭም። ለዕድል ነው፣ ዩ ኖው?"

ሳቄ መጣ። ልይዘው ብሞክር ብሶበት ትከሻዬን ያንቀጠቅጠው ጀመር። "ጋሼ፣ አትንቀሳቀስ! ጆሮህን እቆርጣለሁ!" ብሎ ማሽኑን አጠፋ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ሰው ስለነበረ ምን እንዳሳቀኝ ሳልነግረው ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ብቻዬን ሳቅሁ፣ ትንሽም እንባ ቢጤ መጣብኝ። እኔ ለሆኪ ብዬ ያሳደግኩት ጺም አንድ ዘመን ቤታችን ውስጥ ምን እንዳስከተለ የሚያውቁ ሰዎች እያነሱ ሄደዋል። እንግዲያው ሳልረሳው ላውራው።

ያኔ በሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ ከደሴ መጥቼ፣ ግራንድ ፕሬሪ ከምትኖረው ታላቅ እህቴ ከእታገኝ ጋር ነው ያረፍኩት። እሷን በስሟ ጠርቻት አላውቅም፣ እትዬ ነው የምላት። አፓርትማችን ሃይዌዩ አጠገብ ነበር፤ የከባድ መኪናው ድምፅ ቀንም ማታም አይቋረጥም። እትዬ ኤርፖርት ውስጥ የአውሮፕላን ምግብ የሚዘጋጅበት ትሠራለች፤ እኔ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ጭነት አወርዳለሁ። የቴክሳስ በጋ እንደምታውቁት ነው። የጭነት መኪናውን በር ስንከፍተው ከውስጥ የሚወጣው ወላፈን ቅንድብ ይለበልባል።

እዚያ መጋዘን ውስጥ ሮጀር የሚባል የፎርክሊፍት፣ የጭነት ማንሻው መኪና፣ ነጂ ነበር። ዕድሜው የገፋ፣ ሆዱ የገፋ፣ ወሬ የሚወድ ሰው። ሚኒሶታ ነው ያደገው፤ አሥር ወር በረዶ፣ ሁለት ወር ትንኝ ነው ይላል ስለ አገሩ ሲያወራ። ፎርክሊፍቱ ላይ በሽቦ ያሰራት ትንሽ ሬዲዮ ነበረችው፣ ከሬዲዮዋ የሚወጣው ደግሞ ሆኪ ብቻ ነው። እኔ ሆኪ ምን እንደሆነ በምን አውቄ! ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው በረዶን የሚያውቀው ከሰማይ ወርዶ ባቄላ ሲያጠፋ ነው። ሰው ሆን ብሎ በረዶ ሠርቶ፣ ዋና የሚያስመኝ ሙቀት ባለበት አገር፣ ቤት ውስጥ አንጥፎ ይጫወትበታል ቢሉኝ ሮጀር የሚቀልድብኝ መሰለኝ።

አንድ ቀን ሚስቱን ጉልበቷን አሟት የሆኪ ቲኬቷ ተረፈ። "ትመጣለህ? ልብስ ደርብ፣ ውስጡ ይበርዳል" አለኝ። ጥቅምት ነበር፣ ውጭው ገና እንደ ምድጃ። ጃኬት የሚባል ነገር የለኝም፤ የእትዬን ጋቢ ከቁም ሳጥን አውጥቼ ሄድኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ የቡድኑን ማሊያ ለብሶ ሲገባ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ገባሁ። ሮጀር አየኝና ከት ብሎ ሳቀ። "እኔ የሚኒሶታ ሰው ነኝ፣ ይሄ ለኔ ብርድ አይደለም" ሲል አመሸ። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ግን ጠጋ አለና፣ "ከዚያ ብርድ ልብስህ ጫፉ ይተርፍሃል?" አለኝ። ሁለታችን አንድ ጋቢ ውስጥ ሆነን ጨረስነው።

ጨዋታውን መጀመሪያ ላይ ዓይኔ አልያዘውም። ኳስ የሚሉት ኳስ አይደለም፣ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የምታክል ጥቁር ጎማ ናት፤ እሷን በዱላ እየመቱ ያሳድዷታል። ተጫዋቾቹ እንደ ታክሲ ረዳት እየዘለሉ ይገባሉ፣ እየዘለሉ ይወጣሉ። ጥፋት ያጠፋውን ደግሞ እንደ ተማሪ ጥግ ላይ ወስደው ያስቀምጡታል። መሃል ላይ ሁለቱ ጓንታቸውን ጥለው በቡጢ ተያያዙ። ዳኞቹ ዙሪያቸውን ቆመው ያያሉ። "ኸረ የሰው ያለህ! ገላጋይ የለም?" ብዬ ብድግ አልኩ። ሮጀር ጋቢዬን ይዞ አስቀመጠኝ። "ተዋቸው፣ ሲደክማቸው ራሳቸው ይተዋሉ" አለኝ። ይሄ ሰው ደሴ ቢወለድ ኖሮ ጥሩ ሽማግሌ ይወጣው ነበር አልኩ በልቤ።

እኔን የያዘኝ ግን በረኛው ነው። በልጅነቴ በጨርቅ ኳስ በረኛ ነበርኩ፤ በረኛ ሁሉም ሲያጠቃ ብቻውን የሚቀር ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ያ ሰውዬ ያን ሁሉ ፍራሽ የመሰለ ነገር ለብሶ፣ ጎማዋን እንደ ዝንብ ከአየር ላይ ሲቀልባት ሳይ ልቤ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ መዳን የለም። ሺፍቴ ላይ ከሬዲዮው ሥር ነኝ፤ ቤት ስገባ ከቴሌቪዥኑ ፊት ነኝ። እትዬ ሶፋው ላይ ደክሟት ተዘርግታ፣ "ዱላ ይዘው ሰው የሚያሳድዱ! ፖሊስ የለም እንዴ አገሩ ላይ?" ትላለች። ሁዳዴ ሲገባ ስታዲየም መሄድ ፈተና ሆነብኝ። ሰው ሁሉ አይብ የፈሰሰበት የበቆሎ ቂጣውን ይዞ አጠገቤ ሲቀመጥ እኔ ኦቾሎኒዬን እየፈለፈልኩ ጸናሁ።

ያ ዓመት ግን ሆኪ ብቻ አልነበረም። ጥር ላይ እናታችን ደሴ ታማ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። እትዬና እኔ ያን ወር እንዴት እንደገፋነው እኛ ነን የምናውቀው። የእድራችን ሰዎች እሁድ እሁድ ጋርላንድ ያለው ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቁን ስለ እሷ ነበር። የካቲት ላይ ከሆስፒታል ወጣች። "ደህና ነኝ፣ አትጨነቁ" ትላለች በስልክ፤ ግን እናት መቼ ነው አሞኛል ያለችው? ስልክ በካርድ በሚደወልበት ዘመን ካርዱ የሚያልቀው ገና ሰላምታው ሳይገባደድ ነው። የቀረውን የምንሞላው በስጋት ነበር።

ቡድናችን ፕሌይኦፍ ገባ፤ ዋንጫው እስኪለይ ሁለት ሁለት ቡድን ደጋግሞ እየተጋጠመ፣ ተሸናፊው በየዙሩ የሚወድቅበት ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ሮጀር የመጋዘኑን ሰዎች ሰብስቦ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ምላጭ የለም" አለ። ተጫዋቾቹም አይላጩም፣ ደጋፊውም አይላጭም፤ ልማዱ ነው። አንዱ ባልደረባችን አንድ ዓመት ለልጁ ሠርግ ብሎ ተላጭቶ በማግስቱ ቡድኑ ተሸነፈና፣ እስከ ክረምት ድረስ ምሳውን ብቻውን በላ አሉኝ። ለሌላው ምናልባት እንግዳ ነገር ይሆን ይሆናል፤ እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ይሄ ስለት ነው! ሰው ለልጅ ይሳል የለም? ለጤና ይሳል የለም? ለማን ነው የተሳልከው አትበሉኝ እንጂ፣ መሳሉን ተስያለሁ።

ችግሩ ወቅቱ ነው። የመጀመሪያው ግጥሚያ ሰሙነ ሕማማት ላይ ዋለ። ሰው ለፋሲካ ሲላጭ፣ ሲቆረጥ፣ ሲታጠብ እኔ እንደ ባሕታዊ ጠጉሬን ለቅቄ ለበዓል ቀረብኩ። እትዬ ምክንያቱን ስነግራት እጇን አጨበጨበች። "በል ጉድ በል ጎንደር! ለዱላ ተጫዋች ስለት!" የኛ ቤት ጺም ደግሞ አይጣል ነው፤ አባታችን ጠዋት ተላጭቶ ምሳ ሰዓት ላይ መልሶ የሚጠቁር ሰው ነበር። ዳግማ ትንሣኤ ሲያልፍ ፊቴ ላይ የሚታየው ዓይኔና አፍንጫዬ ብቻ ሆነ። በዚያ ላይ ሮጀር የሰጠኝን የቡድኑን ጥቁር ጃኬት እንደ ቆዳዬ አላወልቀውም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። አንድ ወጣት ወንድ ድንገት ጺሙን ሲለቅ፣ ጥቁር ሲለብስ፣ የኛ ሰው ምን ይላል? እናቱ ታማ የሰነበተች ሲሆንስ? እኔ ግን በሆኪ ታውሬ ይሄ ውል ብሎኝም አያውቅ።

አንድ እሁድ ወይዘሮ አበበች፣ የእድሩን ሴቶች የሚያስተባብሩት፣ በሁለት እጃቸው ጉንጬን ይዘው፣ "አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ" አሉኝ። ቅዳሜ ዕለት ተሸንፈን ነበርና ፊቴ ጠቁሯል። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። እኒህ ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙ እናት ሆኪ መከታተላቸው ገረመኝ፣ ግን አገሩ አሜሪካ ነው፣ ምን ይታወቃል? ቀጥሎ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሙላቱ ጠቀስ አደረጉኝ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ታክሲ የሚነዱ ሰው ናቸው። ታክሲያቸውን ፓርክ ያደረጉበት ድረስ ወስደው ትከሻዬን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ጺምህን ሳየው ገባኝ" አሉ።

"እንዴ! ገባዎት ጋሼ?" ደስ አለኝ።

"ይገባል እንጂ። እንዲህ ያለውን ነገር ብቻ መሸከም ደግ አይደለም። እታገኝስ?"

እትዬ በጺሙ ምክንያት ዕለት ዕለት ነው የምትነተርከኝ። እሳቸው ደግሞ ካነሱባት ምላጭ ይዛ ነው የምትጠብቀኝ። "ኸረ ጋሼ፣ እሷ ጋ እንዳያነሱብኝ። አትችለውም" አልኩ።

ዓይናቸው እንባ አዘለ። "እውነትህን ነው፣ አትችለውም። ለእሷ እኛ አለንላት። አንተ ብቻ በርታ" ብለው አቀፉኝ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ዳር ያለው ሰማያዊ አበባ እንዴት አምሮብኝ እንደነበር! የኛ ማኅበረሰብ ለቡድኑ ይህን ያህል ልቡ መሰበሩን አላውቅም ነበር እያልኩ ነው የነዳሁት።

ረቡዕ ሆነ። ሁለተኛው ዙር እኩል ለእኩል ሆኖ፣ የሚለየው ጨዋታ የዚያን ዕለት ማታ ነው። እኔ ሺፍት ተቀያይሬ ተኝቻለሁ። እትዬ ጎህ ሲቀድ ዩኒፎርሟን ለብሳ ልትወጣ ስትል በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። ጋሽ ሙላቱ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ወንዶቹ፣ ከወንዶቹ ኋላ ወይዘሮ አበበችና ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ሐበሻ ሆኖ ማለዳ በሩ ላይ ሽማግሌ ቆሞ አይቶ "ምን ልታዘዝ?" የሚል የለም። እትዬም አልጠየቀች።

"እናቴን! እናቴን! እናቴን!"

ከአልጋዬ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ሳሎኑ በሰው ሞልቷል፣ እትዬ መሬት ላይ ናት፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። እኔም እንደ እሷ ምንም አልጠየቅሁም። ወደዚህ ስመጣ ደሴ አውቶቡስ መናኸሪያ ስትሸኘኝ፣ ያን ሁሉ ሰው ሳታፍር ጎንበስ ብላ የጫማዬን ማሰሪያ ያሰረችልኝ እናቴ መጣችብኝ። ሙሉ ሰው የሆንኩትን! "ተይ እማዬ፣ ሰው ያያል" ብያት ነበር። እንግዲህ ሁለተኛ አላያትም ብዬ ምንጣፉ ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ። እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ምን ያህል እንደቆየን እንጃ። ጋሽ ሙላቱ አጠገቤ ተቀምጠው ጀርባዬን እያሻሹ፣ "በቃህ ልጄ። አንተ እንኳ ቀድመህ የሰማኸው ነህ፤ እሷን ደግፋት እንጂ" አሉ።

"እኔ?" አልኩ ሳጌን ውጬ። "እኔ የት ሰማሁ?"

"እንዴ... ሰምተህ አይደል እንዴ የቆየኸው?"

"አልሰማሁም! እናንተ ናችሁ አሁን የነገራችሁን። ማን ነገራችሁ?"

ጋሽ ሙላቱ ዙሪያቸውን አዩ። ሰው ሁሉ እሳቸውን ያያል። "አንተ ነሃ" አሉ ድምፃቸው ቀጭን ብሎ። "እሁድ ዕለት። ታክሲው ጋ። ጺምህን ሳየው ገባኝ ስልህ..."

እትዬ ከመሬት ቀና አለች። ፊቷ በእንባ ርሷል። "የቱን ጺም?" አለች።

"ይሄንን ጺም!"

"እሱማ የሆኪ ነው!" ብላ ጮኸች።

ከወንዶቹ አንዱ ቀስ ብሎ፣ "የምን?" ሲል ይሰማል። ግን ልሳቅ የሚል አልነበረም። እናታችን ሞታለች ያለ ሰው የለም ማለት ደህና ናት ማለት አይደለም። አንዴ የተለቀሰ ነገር በምን ይመለሳል? እናቴ ታማ የከረመች ሴት ናት፣ እግዜር ደግሞ ሰዎቹን ያለ ምክንያት አላመጣቸውም ይሆናል አልኩ በልቤ። "ደውል!" አለችኝ እትዬ። "ደውል እንጂ፣ ምን ታየኛለህ!"

የስልክ ካርዱን ፍቄ ደወልኩ። ቁጥሩን ተሳስቼ እንደገና። ካርዱ ላይ ድምፅዋ የተቀዳው ሴትዮ በእንግሊዝኛ የቀረውን ደቂቃ ነገረችን፣ ከዚያ ያ የሩቅ አገር ጥሪ ጀመረ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። የሚያነሳ የለም። ደሴ ቀን ነው፣ እናቴ ቀን ከቤት አትጠፋም። እንደገና ደወልኩ። አይነሳም። ወይዘሮ አበበች "እመቤቴ፣ አደራሽን" ይላሉ በሹክሹክታ። ጋሽ ሙላቱ ሶፋው ጫፍ ላይ ባርኔጣቸውን እያዟዟሩ ተቀምጠዋል፤ ያን የሚያህል ሰው እንደዚያ አንሶ አይቼው አላውቅም። እንደገና። እትዬ ስልኩን በሁለት እጇ ከእጄ ጋር ይዛዋለች፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል።

"ሃሎ! ማነው እሱ?"

"እማዬ!"

"ወይ ስልክ! ምን ሆናችሁ በዚህ ሰዓት? በርበሬ አስጥቼ ሰማዩ ጠቁሮብኛል፣ ቶሎ በሉ!"

እትዬ ስልኩን ነጠቀችኝ፣ ግን መናገር አልቻለችም፤ የምታወጣው ድምፅ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አይለይም። እናታችን ወዲያው ነቃች። "ምንድን ነው? ማን ሞተ? ንገሩኝ፣ ማን ነው የሞተው?"

"አንቺ!" አለች እትዬ።

ከወዲያ ማዶ፣ "እኔ? ማን አለ?"

ያኔ ነው ቤቱ የፈነዳው። ሰው እየተቃቀፈ ይስቃል፣ እየሳቀ ያለቅሳል። ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርገን ነገሩን ከሥሩ አስረዳናት። ሰምታ ስታበቃ፣ "ሰብሳቢው የታሉ? አቅርቡልኝ" አለች። ጋሽ ሙላቱ እንደ ተከሳሽ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

"እመቤቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጺሙ ሟርተኛ አደረገኝ።"

"ምን ይቅርታ አለው አባቴ! ሰው ለሞተ ነው የሚመጣው፤ እርስዎ በቁሜ መጡልኝ። እግዜር ያክብርልኝ።"

እሳቸው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

እትዬ ግን ገና አልበረደችም። "አሁኑኑ ምላጭ!" አለች። ወይዘሮ አበበችም ደገፏት፤ እናት በሕይወት እያለች እንዲህ ያለ ጺም ደግ አይደለም አሉ። እኔ ደግሞ ማታ ጨዋታ አለብኝ! እስከ ክረምት ምሳዬን ብቻዬን ልበላ ነው? ግርግሩን እናቴ በስልክ ሰማች። "ምንድን ነው የሚያጨቃጭቃችሁ?"

"ለጨዋታ ብሎ ተስሎ ነው አልላጭም የሚለው" አለች እትዬ።

"ተስሏል?"

"ተስያለሁ እማዬ" አልኩ።

"ታዲያ ስለት ይፈርሳል እንዴ? አፉ ያወጣውን ይጨርስ፣ ከዚያ ይላጫል። እኔ እንደሆንኩ ጺሙ ምንም አላደረገኝ። በሉ በርበሬዬ ሊዘንብበት ነው" ብላ ዘጋችው።

እድሩ ለቅሶ ብሎ የመጣው በባዶ እጁ አይደለም። ወይዘሮ አበበች ሌሊቱን ያሠሩት ምስር ወጥ፣ ጎመን በሥጋ፣ ዳቦው፣ መኪና ውስጥ ነበር። ሰው ሁሉ ከሥራ ፈቃድ ወስዷል። "ወጡ ምን ይሁን? ይበላ እንጂ" ተባለና የሀዘኑ ቤት የግብዣ ቤት ሆነ። ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። መጋዘኑ ውስጥ የሚሠራ አንድ የእድሩ ልጅ ለሱፐርቫይዘራችን እናቱ ሞተችበት ብሎ ነግሮት ኖሮ፣ ሮጀር አበባ ይዞ፣ ነጭ ጺሙ ፊቱን ሞልቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ቆሟል። ወይዘሮ አበበች ከላይ እስከ ታች አይተውት ወደ እትዬ ጆሮ ዘንበል አሉ።

"ይሄኛው ደግሞ ማን ሞቶበት ነው?"

እናቴ አለመሞቷን ስነግረው ሮጀር አበባውን እንደያዘ አቀፈኝ፣ አበባው መሃላችን ተጨፈለቀ። ከዚያ ራቅ አድርጎ ፊቴን አየ። "ሶ... አልተላጨህም አይደል?" አለኝ።

ማታውን አንድም ሰው አልሄደም። ጋሽ ሙላቱ ከሮጀር አጠገብ ተቀምጠው፣ እኔ መሃል ሆኜ እየተረጎምኩ፣ ጨዋታውን አስረዳናቸው። ጠቡ ሲነሳ፣ "ገላጋይ የለም እንዴ?" አሉ። "ሲደክማቸው ይተዋሉ ጋሼ" አልኳቸው። በመደበኛው ሰዓት እኩል ለእኩል አለቀና ጭማሪ ሰዓት ገባ፤ ቀድሞ ያገባ አሸነፈ ማለት ነው። ሮጀር ጭማሪውን ድንገተኛ ሞት እያለ ነው የሚጠራው። እሱን አልተረጎምኩላቸውም፤ የዕለቱ ሞት ይበቃን ነበር።

በረኛችን ያን ማታ ግድግዳ ሆነ። ጎማዋ ወደ እሱ በመጣች ቁጥር ጋሽ ሙላቱ "ያዛት! ያዛት! ጎሽ የኔ ልጅ!" እያሉ ጉልበቴን ይደበድባሉ። በመጨረሻ የኛው ልጅ ከግርግሩ መሃል ጎማዋን አሾልኮ አስገባት። ወይዘሮ አበበች እልልታቸውን አቀለጡት። ጠዋት ዋይታ የሰማው የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ማታ እልልታ ሲሰማ ግራ ገብቶት በሩን ከፍቶ ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር፤ እትዬ ዳቦ ወስዳ ሰጠችው። በሚቀጥለው ዙር ተሸነፍን፣ ዋንጫውም የሌላ ሆነ። እኔም በማግስቱ ጠዋት ተላጨሁ። እትዬ ራሷ ነበረች መስተዋቱን የያዘችልኝ።

ስንት ዓመት ሆነው? ብዙ ነው። እትዬ ሳክሲ ከተማ ቤት ገዛች፣ እማዬም ደሴን ትታ ከእሷ ጋር መኖር ከጀመረች ቆየች። አሁን ሰማንያን አልፋለች። ጨዋታ ሲኖር እሄድና አብረን እናያለን፤ "የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?" ትለኛለች በየጊዜው፣ ስነግራት ግን ተጫዋቾቹን ሳይሆን እኔን ነው የምታየው። እኔም ያንን ቀን ሳስብ ምንም አልጸጸትም። ሰው ለእናቱ የሚያለቅሰው አንዴ ነው፣ ተነስታ አታይለትም። እኛ አልቅሰንላት፣ መልሰን አግኝተናታል። ከዚያ ወዲህ ያየናት ዕድሜ በሙሉ ለኔ ምርቃት ነው።

ባለፈው ጥር ጋሽ ሙላቱ ዐረፉ። መንገዱ በረዶ ጋግሮ ነበር፣ እማዬ ደግሞ ያለ ከዘራ አትንቀሳቀስም። "እማዬ፣ አንቺ ቅሪ፣ እኛ እንሄድልሻለን" እትዬ ብትላት እማዬ ተቆጣች። "ለኔ ያለቀሱ ሰው ናቸው! ለቅሶ ብድር አይደለም እንዴ? በቁሜ ተነስተው መጥተውልኝ፣ እኔ ቤት ልቀመጥ?" ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄደች። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ በሁለታችን ተደግፋ ቆማ፣ እንደ አገሯ ወግ ሙሾ አወረደችላቸው።

"መሞቴን ሊናገር ማልዶ የተነሳ፣
እኔ ቆሜ ሳለሁ ምነው እሱ ተኛሳ።"

ወጣቶቹ አልገባቸውም። የጋሽ ሙላቱ ታናሽ ልጅ ጠጋ ብሎ፣ "እናትህ ለአባቴ ምን ይሆናሉ?" አለኝ። "አባትህ አስቀድመው ያለቀሱላት ሰው ናት" አልኩት። እንዴት እንደሚሆን ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት ሰው መጣና ተጠራ።

ወደ መኪናው ስንመለስ እማዬ ክንዴን ይዛ፣ በረዶው ላይ አንድ አንድ እርምጃ እየለካች፣ በረጅሙ ተነፈሰች። "እፎይ፣ ብድሬን መለስኩ" አለች። ከዚያ ቆም ብላ መጀመሪያ እትዬን፣ ቀጥላ እኔን አየችን። "ለኔ ለቅሶ እንግዲህ ደግማችሁ እንዳትቸኩሉ።"